ሚስቱን ጭኖ ወደ አሰብ

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የማላውቃቸው ፈረንጆች አልጋ ላይ ወጥቼ ተጋደምኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎባን አዳርሷል፤ ይህን ጊዜ ሮቤም ደርሶ ይሆናል። እንግዲህ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ከነምክንያቱ ልናገረው።

ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። በኅዳር ጎባ ላይ ከፀሐይ የሚሸሽ ሽማግሌ የለም፤ ሁላችንም እንደ እንሽላሊት ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ነው የምናረፍደው። አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ባጃጁንና የፈረስ ጋሪውን ግራና ቀኝ እየበተነ መጣና ከፊቴ ቆመ። መጀመሪያ ዘላ የወረደችው ሃዊ ናት። ሃዊ የጎረቤቴ የአዴ ዘይነባ የልጅ ልጅ ነች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አሁን እንግዳ ታስጎበኛለች። አያቷን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሰፈሩ በሙሉ «አዴ» ነበር የሚላቸው፤ እናቴ እንደ ማለት ነው። የልጅቱም ዓይንና ትእዛዝ ቁርጥ የእሳቸው ነው።

«እማማ አስካለ፣ ይነሱ እስቲ! ቤት የሆነ መኪና ላሳይዎት» አለችኝ።

«መኪና ደግሞ መቼ ነው ቤት የሆነው?»

«ይኸው! አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ውሃ አለው። ባልና ሚስት ናቸው። አገራቸው አሁን በረዶ ስለሆነ ብርዱን ሸሽተው ሞምባሳ፣ ባሕሩ ዳር ሊከርሙ እየወረዱ ነው።»

ባልና ሚስቱ ወረዱ። የሁለቱም ፀጉር ጥጥ መስሏል። ሰውየው በዚያ ውርጭ ቁምጣ ለብሷል፤ ገና እግሩ መሬት ከመርገጡ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጫማው እየመታ መኪናውን ዞረው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትረዱታላችሁ።

«ዛሬ የት ነው የሚያድሩት?» አልኳት ሃዊን።

«ሳነቴ ላይ። ቀይ ቀበሮ ማየት ይፈልጋሉ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ብርድ ሸሽቶ ሳነቴ! በዚያ ተራራ ላይ ጧት ጧት ውሃው እንደ መስታወት የሚሰበር መሆኑን የነገራቸው የለም? «ከድጡ ወደ ማጡ ነው በያቸው» አልኩ። ሃዊ እንዴት አድርጋ እንደተረጎመችው እንጃ፣ ሴትዮዋም ከእኔ እኩል ሳቀችና እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። እውነትም ቤት ነው። ጠባብ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ በመስኮቱ አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ከኋላ በኩል የተነጠፈ አልጋ። ሴትዮዋ ፍራሹን መታ መታ አድርጋ «ሞክሪው» የሚል ምልክት አሳየችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን የዚያ ቤት ሽታ፣ የምድጃው ጋዝ፣ ጎማው፣ ፀሐይ የመታው ሸራ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዬ ሲገባ እምቢታዬን አስረሳኝ። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። በጀርባዬ ተጋደምኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ለመሆኑ ይህን የቤት መኪና ማን ነው ብርቅ ያደረገው? ለእኛ ብርቅ አልነበረም፤ ከፈረንጁ በፊት እኛ ጋ ነበረ።

ያኔ ሙሽራ ነበርኩ። ከገሰራ ወጥቼ ጎባ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታለሁ፤ ጣቴ ፈጣን፣ ምላሴም ከጣቴ የማያንስ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ጎባ ሌላ ጎባ ነበረች። ከመሥሪያ ቤት ስንወጣ ከልብስ ሰፊዎቹ ማዕዘን ጀምሮ እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ ሁለት ሁለት ሆነን መዞር ነው፤ ሻይ ቤቱ በር ላይ ትልቅ ሬዲዮ ተቀምጦ ይዘፍናል፤ ዘፈኑን ለመስማት ሻይ የሚያዝዘው ጥቂት ነው፣ የሚበዛው ቆሞ ይሰማል። ወንዶቹ ፀጉራቸውን ጎፈሬ አሳድገው እግሩ የሰፋ ቦላሌ ይለብሳሉ። በስሙኒ ይህን ያህል እንቁላል ይገዛ ነበር ብላቸው ልጆቼ አያምኑኝም፤ ስለዚህ መናገሩን ትቼዋለሁ። በቀለን ያገኘሁት እዚያው ማዕዘን ላይ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ ነበር የሚነዳው፣ ያ አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ፣ ሲመጣ ድምፁ ከሮቤ የሚሰማ የጣሊያን መኪና። ቦላሌው የዘይት ጠብታ እንዳይነካው ሲሠራ እስከ ጉልበቱ ይጠቀልለዋል። እኔን ሲያይ ደግሞ ቶሎ ይፈታዋል። ይህን ስላየሁበት አገባሁት።

ደስታችን ግን የቆየው ውርጩ እስኪመጣ ነው። ደረቴ ድሮም ደካማ ነበር፣ ጎባ ላይ ባሰበት። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ያ ጧት ሣሩን ነጭ የሚያደርገው ብርድ ሲመጣ፣ ትንፋሼ እንደ አሮጌ ወናፍ መጮህ ይጀምራል። መተኛት የለም። ከኋላዬ የገብስ ጆንያ አስደግፈውኝ ተቀምጬ ነው የማነጋው። በቀለ አጠገቤ ተጋድሞ የደረቴን ፉጨት እየሰማ ያንቀላፋል፤ ፉጨቱ ከፍ ሲል ይነቃል፣ ዝቅ ሲል መልሶ ይተኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ከንፈሬ መጥቆር ጀመረ። ከመኝታ ቤት እስከ ደጃፍ ስደርስ ሁለት ጊዜ መቆም አለብኝ። አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ቤት ድረስ መጥቶ ደረቴን አዳመጠና በቀለን ወደ ውጭ ጠራው። እኔ የማልሰማ መስሏቸው ከመስኮቱ ሥር ቆመው ተነጋገሩ።

«ልጄ፣ ይህች ልጅ የዘንድሮን ውርጭ እዚህ ከከረመች እኔ አላውቅም። ሙቅ አገር ውሰዳት። የባሕር አየር ብታገኝ ደግሞ ደኅና ነው ይላሉ።»

ሰው የሞቱን ቀጠሮ በመስኮት ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ልንገራችሁ? መጀመሪያ ተናደድኩ። መስኮቱን መዝጋት እንኳ አያውቁበትም አልኩ። ፍርሃቱ የመጣው ኋላ ነው።

ሙቅ አገርማ ከተራራው ማዶ ነበር። ሳነቴን አልፎ፣ ሃረናን ቁልቁል ወርዶ ደሎ መና። ግን ያን ጊዜ በሳነቴ የሚያልፈው መንገድ ከበቅሎ የተረፈ አልነበረም፤ ደግሞ አማቴ የመና ስም ቤታቸው ውስጥ እንዲነሳ አይፈቅዱም። የበኩር ልጃቸው፣ የበቀለ ወንድም፣ ቡና ሊነግድ መና ወርዶ በወባ ሞቶባቸዋል። «አንዱን ለቆላ ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰጥም!» አሉ። በቀለ «እሺ፣ ባሕሩስ?» ሲላቸው ቆም ብለው አሰቡና «ባሕር ጨው ነው አይደል? ጨው ያለበት ወባ አይደርስም» አሉ። ይህን ከማን እንደሰሙት አላውቅም፤ እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ከተራራው ማዶ ያለውን ሙቀት ትተን ከሳምንት በላይ የሚያስኬደውን የአሰብ መንገድ የያዝነው። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ ግን የገረመው አንድም ሰው አልነበረም።

በቀለ ገብስ ናዝሬት አራግፎ ባዶውን አሰብ ይወርዳል፣ ከወደቡ ጭነት ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከመኪናው ጀርባ ሲሶውን ለቤት ተወው። ከጥድ ጣውላ አልጋ መታ። ከሥሩ ጭድ፣ ከላይ ፍራሽ። ልብስ ሰፊው ማዕዘን ላይ ሸራውን ዘርግተው መስኮት ቀደዱለት፤ ሰፊው የአማቴን አሮጌ ነጠላ መጋረጃ አድርጎ ሰፋበት። የላምባ ምድጃ፣ አንድ በርሜል ውሃ፣ አንድ ድስት ገባ። ሰፈሩ ወጥቶ ተመለከተ። «በቀለ ቤት ሠራ፣ መሠረቱ ጎማ ነው» ብለው ሳቁ። አንዳንዱም ሳይስቅ ከንፈሩን መጠጠ፤ የሄደች አትመለስም ብሎ ነው።

አብራኝ የምትሄድ ሴት ታስፈልግ ነበር። አማቴ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እናቴ ገሰራ ናት፣ ታናናሾቼን ለማን ትተው? ስናስብ ስናወጣ ስናወርድ አዴ ዘይነባ ከአጥራቸው ማዶ ቡልኳቸውን አጥፈው፣ አንድ እንስራ ቅቤና አንድ ስልቻ ጩኮ፣ ያን በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ አሸክመው መጡ።

«አዴ፣ ምንድን ነው?» አላቸው በቀለ።

«ስንቅ ነዋ። አንተ መሪ ትይዛለህ፣ ይህችን ልጅ ማን ይይዛታል?»

«ላሞቹስ?»

«ላሞቹን ልጄ ያልባቸዋል። ኢንተላ ኮ ሞታ ላም አልቤ ምን ላደርገው?» ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። አልወለዱኝም፤ ጎባ ከገባሁ ጀምሮ ግን ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። እኔና አዴ ዘይነባ ከአንድ አጥር ግራና ቀኝ ስንኖር ያልተካፈልነው ነገር አልነበረም፤ ሽሮው፣ ወተቱ፣ ሐዘኑ፣ ሠርጉ። ሥጋ ሲመጣ ግን እንለያያለን። እሳቸው በቢስሚላህ ያልታረደ አይበሉም፤ እኛ በአብ ወወልድ ያልታረደ አንበላም። እኛ ድግስ ስንደግስ ለእሳቸው ለብቻ በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ለብቻ ድስት ይጣዳል፤ እሳቸውም ለእኛ እንደዚያው። በክብር ነው፣ በፍቅር ነው፣ ግን ሁለት ገበታ ነው። አሁን አንድ ድስት ይዘን ወራት ልንኖር ነው። በቀለ ሳይነጋገሩ መፍትሔውን አገኘ፤ «መኪናችን ሥጋ አይገባበትም» አለ። እሱም ያን ጊዜ የገና ጾም ላይ ነበር፤ ቅቤው ለገና ይቀመጣል ተባለ።

የመጀመሪያው ጧት ሊገድለኝ ነበር። ዲንሾ ላይ ውርጩ ሸራውን እንደ ጣውላ አደረቀው። ትንፋሼ ገብቶ አይወጣም፤ ከኋላ ጆንያውን ጨብጬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አዴ ዘይነባ የመኪናውን ጎን በመጥረቢያ ዛቢያ ደበደቡ፣ በቀለ ቆመ። ምድጃውን ለኩሰው ውሃ አፈሉና በቡልኮው ከእነ እንፋሎቱ ሸፍነው አቀፉኝ። «ጀባዱ! አይዞሽ! ኢንተላ ኮ፣ ጀባዱ!» ይላሉ ጆሮዬ ሥር። በቀለ ጎማውን እየመታ ይዞራል። ምንም ያልሆነውን ጎማ። የሚያደርገው ሲያጣ ጎማ ይመታ ነበር። ያን ቀን ሁሉንም ደጋግሞ ሲመታ ሰምቻለሁ፣ እየዞረ ያለቅስ እንደነበር ግን አዴ ናቸው ኋላ የነገሩኝ።

ከዶዶላ ወዲያ ትንሽ ቀለለኝ። አንድ ኬላ ላይ ዘበኛው እንጨቱን ሳያነሳ መጣ።

«ምን ጭነሃል?»

«ሚስቴን» አለ በቀለ።

«አትቀልድ። ጭነቱን ነው የጠየቅኩህ።»

«እሷ ናት ጭነቱ። ገብስም አለ፣ እሱ ናዝሬት ይወርዳል። እሷ አሰብ ናት።»

ዘበኛው ወደ ኋላ ዞሮ በመስኮታችን አንገቱን ሲያስገባ አዴ ዘይነባ ጩኮ በእጃቸው አድርገው አፉ ውስጥ ከተቱለት። እያላመጠ እንጨቱን አነሳ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ኬላ ሲጠየቅ በቀለ «ሚስቴን» ይላል፣ አዴ ጩኮ ያጎርሳሉ። ይህ ሆነ ወረቀታችን።

ረዳት አልያዝንም ነበር። በቀለ ዳገት ላይ ሲቆም ታኮውን፣ ያን ጎማ ሥር የሚገባውን እንጨት፣ ዘለው ወርደው የሚያስቀምጡት አዴ ነበሩ፤ በጎማ ጫማ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው። አዋሽ ላይ ሾፌሮቹ አይተው «እማማ ረዳት» ብለው ስም አወጡላቸው። እሳቸው ደግሞ ስሙን ወደዱት። መኪና ሲቆም ከሌሎቹ ረዳቶች እኩል እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ያዝ! ያዝ! በቃ!» ይላሉ። እኔ በመስኮቱ እያየሁ ስስቅ፣ ሳቁ ሳል ሳይሆንብኝ መውጣቱን ያወቅኩት ከሳቅኩ በኋላ ነው።

ከአዋሽ ወዲያ አየሩ ተለወጠ። አንዱን ሹራብ አወለቅኩ። ገዋኔ ላይ ሁለተኛውን። ሚሌ ስንደርስ ቡልኮው ለአልጋ ሥር ሆነ። አገሩ ድንጋይና ግመል ነው፤ የመኪናው ሬዲዮ ከመንሾካሾክ በቀር ዘፈን አይወጣለትም፣ በቀለ ያፏጫል። ድንገት አዴ ዘይነባ «ያ ረቢ! ቅቤዬ!» ብለው ጮኹ። እኛ ደገኞች፣ ቅቤ ቀልጦ የሚያውቀው በእሳት ብቻ የሆነብን ሰዎች፣ እንስራውን በጨርቅ ብቻ ከድነነው ነበር። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል ቅቤው እንደ ውሃ እየረጨ ጣውላውን አልፎ መንገዱ ላይ ሲንጠባጠብ መጥቷል። ወርደን ወደ ኋላ ብናይ ጠብታው አስፋልቱ ላይ ያበራል። በቀለ «የአሰብን መንገድ ቅቤ ቀባነው» አለ። አዴ ግን አልሳቁም። የገና ቅቤያችን ነበር።

አሰብ ደረስን። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? አየሩ እርጥብ፣ ሞቃት፣ ጨው ጨው የሚል። በአፍንጫዬ ሳይሆን በቆዳዬ የተነፈስኩ መሰለኝ። በቀለ መኪናውን ከሌሎቹ ጋር ተራ አስይዞ ወደ ውሃው ወሰደን። አዴ ዘይነባ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዘገኑና ቀመሱ። ፊታቸው በራ።

«ሆራ ነው!» አሉ።

እኛ አገር ሆራ የሚባል ጨዋማ ምንጭ አለ፤ ከብት በወር በወር ይወሰድና ይጠጣል፤ ያን የጠጣች ላም ወተቷም ሰውነቷም ያምራል፤ ሰው ሁሉ ወረፋ ይዞ፣ በተራ ነው የሚያጠጣው። አዴ ዘይነባ እንግዲህ እስከ ሰማይ ጥግ የተዘረጋ ሆራ አገኙ፣ አንድም ከብት የሌለበት። መረቡን ከሚያራግፍ አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ ዘንድ ሄደው ሰላምታ ሰጡና በትሕትና ጠየቁት።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ተራው የማን ነው?»

ሰውየው ትንሽ አማርኛ ይችላል። ግራ ገብቶት «የምን ተራ?» አለ።

«የከብቱ። የሚያጠጣው ማን ነው?»

ሰውየው ባሕሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እኛን አየ። «ማንም» አለ በመጨረሻ። አዴ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዕለት አንድ ጄሪካን ሞልተው አልጋዬ ሥር አስቀመጡ፣ ለላሞቻቸው።

ወደቡ ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ቀን በቀን ይራገማሉ፤ በቀለ ብቻ «ይቆይ፣ ይቆይ» ይላል። እኔ ጧት ማታ ውሃው ዳር እሄዳለሁ። መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ፉጨቱ ግን ከደረቴ አልወጣም። ዝቅ አለ እንጂ አለ፤ ስተኛ አሁንም ጣውላውን ተደግፌ ተቀምጬ ነው። በቀለ አይጠይቀኝም። እኔም አልነግረውም። ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ ይህም ካልሆነ ሌላ የምንሄድበት የለም።

ገና መጣ። በቀለ ፍየል ልግዛ ብሎ ተነሣና መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ማን ሊያርደው ነው? እሱ ቢያርድ አዴ ጦማቸውን ሊውሉ፤ በሙስሊም እጅ ቢታረድ እኛ ልንቀር። ያን ሁሉ መንገድ ታኮ የጣሉልን ሴት ፊት በዓል አድርጎ ለብቻ መብላት ደግሞ እንዴት ይዋጣል? አዴ ገባቸው። «እኔ ጩኮ አለኝ፣ አንተ ፍየልህን ግዛ» አሉት። «አልገዛም» አለ። ሲከራከሩ ያ ዓሣ አጥማጅ ገናችን መሆኑን ከሾፌሮቹ ሰምቶ ኖሮ ክንድ የሚያህል ቀይ ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ መጣ። እኛ ባሌዎች ዓሣ በልተን አናውቅም። አዴ ዘይነባ ራቅ ብለው አዩትና ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ።

«ማን አረደው?»

«ዓሣ አይታረድም፣ እናቴ» አለ ሰውየው። «ከውሃ ሲወጣ አለቀ።»

በቀለ ቀስ ብሎ «እውነቱን ነው» አለ። «እኛም ጋ ዓሣ አይታረድም።»

«እኛም ጋ» አሉ አዴ።

ይህን በሕይወቴ አልረሳውም። አንድ ድስት፣ አንድ ትሪ፣ ሦስት እጅ። በጎረቤትነት ያን ያህል ኖረን በዓል አብረን፣ ከአንድ ገበታ ስንበላ ያን ቀን የመጀመሪያችን ነው። አዴ እሾኩን እየለቀሙ ያጎርሱኛል፤ በቀለን ያጎርሳሉ፤ በቀለ እሳቸውን ያጎርሳል። ቅቤ የለው፣ በርበሬው ትንሽ፣ አሸዋም ሳይገባበት አልቀረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዶሮ ወጥ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

ከምሳ በኋላ በአሰብ ሰው ሁሉ ይተኛል፤ ፀሐይዋ ቁሞ መሄጃ አትሰጥም። አዴ ከመኪናው ጥላ ሥር ተጋደሙ። እኔ እንደ ወትሮዬ ጣውላውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። መቼ እንደተንሸራተትኩ አላውቅም። የማውቀው አንድ እጅ አፍንጫዬ ሥር ሲነካኝ መንቃቴን ነው። የበቀለ እጅ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?» አልኩት።

«ዝም አልሽ» አለ። «አስካለ፣ ዝም አልሽብኝ እኮ!»

ገባኝ። በጀርባዬ ተጋድሜ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ፉጨቴን እየሰማ የተኛ ሰው ፉጨቱ ሲቆም ነው የነቃው። ሞተች ብሎ።

«አለሁ» አልኩት። ደግሜ ተነፈስኩ፤ ወደ ውስጥ ጥልቅ አድርጌ፣ እስከ ሆዴ ድረስ። ምንም የሚጮህ ነገር የለም። «አለሁ፣ አንተ።»

እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አዴ ዘይነባ ነጠላቸውን እየጎተቱ ተነሡ። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?»

«ተኝታ ነው!» አላቸው በቀለ። «ተጋድማ ተኝታ!»

«ታዲያ ለተኛ ሰው ይለቀሳል?» አሉና ወዲያው እሳቸውም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ቆዩና እልልታውን ለቀቁት። የተኛው ሾፌር ሁሉ ተነሥቶ ወጣ። የጭነት ተራ የደረሰ መስሏቸው ነው።

ጥር ሲያልቅ ጎባ ገባን። በእግሬ ከመኪናው ወርጄ አማቴን ስስማቸው አላመኑም። አዴ ዘይነባ ጄሪካኑን አሸክመው በቀጥታ ወደ ላሞቻቸው ሄዱ። አንደኛዋ ላም አሽታ እምቢ አለች፤ ሁለተኛዋ ሞኝ ነበረች፣ ጠጣች። ሁለት ቀን ሆዷ አልቆመም። አዴ ባሕሩን ሲረግሙት ከርመው «ለሰው የሆነ ለከብት አይሆንም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ግን በሁለቱ ቤት አንድ ልማድ ቀረ። ለእኛም ፋሲካ፣ ለእነሱም ዒድ፣ ሁለቱ ገበታ እንደ ጥንቱ ይቀርባል፤ ከዚያ በፊት ግን መሐል ላይ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ይከፈትና ሁላችንም ከእሱ እንቀምሳለን። እንግዳ የመጣ ሰው ዶሮ ወጥ እያለ ሰርዲን ምን ይሠራል ብሎ ይገረማል። ይገረም።

ብዙ ዓመት እንደዚያ ከረምን፤ ውርጩ ሲመጣ በቀለ «ሚስቴን» ብሎ ይጭነኛል። ኋላ ነገር ተለዋወጠ፣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ኤንትሬውም አረጀ። ያን ጊዜ በሳነቴ መኪና ማለፍ ጀምሮ ነበር፤ አማቴም አርፈዋል። ደሎ መና ወረድን። ማለዳ ከጎባ ተነሥተን ምሳችንን እዚያ በላን! በቀለ የማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ተራራውን ወደ ኋላ እያየ «ያን ሁሉ ቅቤ» ብቻ አለ። እስከ ዛሬ ከታኅሣሥ እስከ ጥር እዚያ ነኝ፤ አጎበርም አለ፣ መድኃኒትም አለ። ሦስት ልጅ ወለድኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። ለመሞት ቀጠሮ የተሰጣት ሴት ቀጠሮዋን ረስታ ይኸው አረጀች።

አንድ ነገር ግን በቀለን አልለቀቀውም። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ዝም ብዬ ከተኛሁ እጁን አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ያደርጋል። ጧትም ይሁን ቀትር። ስንጣላ እንኳ፣ ጀርባ ሰጥተን ተኝተን እንኳ፣ ያ እጅ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ እቆጣው ነበር፤ ኋላ ዓይኔን ሳልገልጥ «አለሁ» እላለሁ፣ እጁን ይመልሳል። እሱ ራሱ ሲያርፍ፣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ የእኔ እጅ የሱ አፍንጫ ሥር ነበር። እኔ የጠየቅኩት አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ ጧት ስነቃ ፀጥታው አዲስ ይሆንብኛል፤ መተንፈሴን የሚጠይቅ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ በዚያ የፈረንጅ አልጋ ላይ ተጋድሜ የማስበው። ውጭ ሰውየው ጎማውን ደግሞ ይመታል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሬን ታሞቀኛለች። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሃዊ ግን ጠርታኝ ኖሮ አልሰማሁም።

«እማማ? እማማ አስካለ!»

ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አለ። ሴትዮዋም በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አለች። ከዚያ አንድ ሞቃት እጅ፣ የአዴ ዘይነባ የልጅ ልጅ እጅ፣ ማንም ሳያስተምራት መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቆመ።

ዓይኔን አልገለጥኩም።

«አለሁ» አልኩ።